ጎብኚ በባጃጅ ሲመጣ የገበሬው ድርሻ ምን ይሁን?

ሰቆጣ ከጥንት ከተሞቻችን አንዷ ናት። የዋግሹሞች መቀመጫ ነበረች። ከአፋር ዝቅተኛ ቦታ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ የሚመጣው አሞሌ ጨው የሚራገፍባትና ወደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል የሚሸኝባት ታላቅ ገበያም ሆና ብዙ ዘመን ኖራለች። ዛሬ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ገበሬ ኽምጣናና አማርኛ እየተናገረ፣ ጤፍ፣ ገብስና ማሽላ እያረሰ፣ ንብና ፍየል እያረባ ይኖራል።

ይህች ከተማና አካባቢዋ ለጎብኚ የሚታይ ብዙ ታሪክ አላቸው። ነገር ግን ታሪክ ያለው አገር ሁሉ ከታሪኩ እንጀራ ያገኛል ማለት አይደለም። ጎብኚ መጥቶ፣ አይቶ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ ሲመለስ ገበሬው ከጎማ አቧራ በስተቀር ምንም የማያገኝበት አካባቢ ብዙ ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን በአነስተኛ ተሽከርካሪ፣ በተለይም በባጃጅ፣ ከአስጎብኚ ጋር ስለሚደረግ የግል ጉብኝት እንመለከታለን።

ጽሑፉ የቀረበው በመጀመሪያ ለገበሬ ማኅበራት መሪዎች ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ከወጣው የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ የተቋቋመው የገበሬ ማኅበር ሥራ ዛሬ በቀበሌ አስተዳደርና በኅብረት ሥራ ማኅበራት ቢተካም፣ በብዙ ስፍራ ገበሬው ቀበሌውን አሁንም «ገበሬ ማኅበር» እያለ ሲጠራው ይሰማል። ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ በመንገድ፣ በመሬትና በጋራ ገንዘብ ላይ ሕዝቡን ሰብስቦ የሚያስወስነው መሪ ነገሩን አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

ጉብኝቱ ምን ዓይነት ነው?

የግል ጉብኝት ማለት በትልቅ አውቶቡስ ተጭኖ ከሚመጣው የሃምሳና የስልሳ ሰው ጉዞ የተለየ ነው። አንድ ሰው ወይም አንድ ቤተሰብ፣ አንድ አስጎብኚና አንድ አነስተኛ ተሽከርካሪ ይዞ፣ በፈለገው ሰዓት ተነሥቶ፣ በፈለገው ቦታ ቆሞ፣ የፈለገውን ጠይቆ የሚመለስበት ጉዞ ነው። በሮም ከተማ ጎብኚዎች የጥንቱን ፍርስራሽ በባትሪ በሚሠሩ ትናንሽ ተሽከርካሪዎች እየዞሩ ያያሉ። በዮርዳኖስ አገር በምትገኘው በጥንታዊቷ የጴጥራ ከተማ ደግሞ ጎብኚውን ያመላልሱ የነበሩት የፈረስ ጋሪዎች በ2013 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ተተክተዋል።

በአገራችንም ነገሩ አዲስ አይደለም። በአክሱም ሐውልቶቹ ከከተማው መካከል ሲሆኑ፣ የንግሥት ሳባ ቤተ መንግሥት የሚባለው የዱንጉር ፍርስራሽ በምዕራብ በኩል፣ የዐፄ ካሌብና የገብረ መስቀል መቃብር ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ዳገት ላይ ይገኛል። በጎንደርም የፋሲል ግቢ፣ የፋሲል መዋኛ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴና ቁስቋም የተራራቁ ናቸው። በእግር ሁሉንም በአንድ ቀን ማየት ለሽማግሌና ለሕፃን ይከብዳል፤ ለዚህ ጉዞ ደግሞ ትልቅ መኪና መከራየት ውድ ነው። ባጃጅ ይህንን ክፍተት ሞልቷል። በዳገታማዋ ላሊበላም ጎብኚው ከሆቴሉ እስከ አብያተ ክርስቲያናቱ አካባቢ በባጃጅ ይደርሳል።

ከሐረር ደግሞ የምንማረው ሌላ ነገር አለ። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጀጎል ግንብ በውስጡ ያሉት መተላለፊያዎች እጅግ ጠባብ ስለሆኑ፣ ጎብኚው ተሽከርካሪውን ትቶ ብዙውን በእግሩ ይዞራል። በእግሩ ሲሄድ ከነዋሪው ጋር ይነጋገራል፣ ቤት ገብቶ ያያል፣ ከባለ ሱቁ ይገዛል። ተሽከርካሪው የት እንደሚቆም መወሰን ገንዘቡ የት እንደሚቀር መወሰን ነው የምንለውም ከዚህ የተነሣ ነው።

በሰቆጣ ዙሪያ ምን ይታያል?

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቀሰው ከከተማዋ በቅርብ ርቀት የሚገኘው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ነው። ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ የፊት ገጹ በቅርጽ ሥራ ያጌጠ ነው። የዋግሹሞች አስከሬን ሳይፈርስ ደርቆ ተጠብቆ የሚገኘውም በዚሁ ስፍራ ነው። በላሊበላ የሚገኙትና በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ስማቸው በዓለም የገነነ ቢሆንም፣ ይህ የዋግ ቅርስ የእነርሱ የቅርብ ዘመድ መሆኑን የሚያውቅ ጎብኚ ጥቂት ነው።

የዋግሹሞች ታሪክ ራሱን የቻለ ትልቅ ትረካ ነው። ሥልጣን ከዛጉዬ ነገሥታት በ13ኛው መቶ ዓመት ወደ ይኩኖ አምላክ ሲተላለፍ፣ የዛጉዬ ተወላጆች ዋግን በርስትነት እንዲገዙ ስምምነት መደረጉን ትውፊቱ ይናገራል። ዋግሹሙ በብር ወንበር ይቀመጡ፣ ነጋሪትም ያስጎስሙ ነበር ይባላል። ከእነርሱም መካከል ዋግሹም ጎበዜ ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው በኢትዮጵያ ዙፋን ላይ ተቀምጠዋል። ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ደግሞ በ1930 ዓ.ም. መግቢያ በፋሺስት ኢጣሊያ ወራሪ ላይ ተነሥተው መሥዋዕት ሆነዋል። ይህንን ታሪክ በቦታው ቆሞ አንደበቱ ሳይያዝ የሚያስረዳ ወጣት ቢገኝ፣ ጎብኚው ድንጋዩን ብቻ ሳይሆን ሕዝቡንም አውቆ ይሄዳል።

ከታሪኩ ሌላ የገበያ ቀን አለ። የዋግ ማር፣ የአበርገሌ ፍየል፣ የሸክላና የስፌት ሥራ በአንድ ሜዳ ይገናኛሉ። ወደ ተከዜ ከወረዱ ደግሞ በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ የፈጠረው ሐይቅ እስከ አበርገሌ ቆላ ይዘልቃል፤ ዓሣ አስጋሪዎችም በላዩ ይሠራሉ። ወደ ደቡብ በጋዝጊብላ አስከተማ አድርጎ ወደ ላስታ የሚሄደው መንገድ ጎብኚውን ወደ ብልባላና ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ያደርሰዋል። በዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ የተሠራው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በፊት የተሠራ መሆኑ ይነገርለታል። ይህ ሩቁ ጉዞ ግን የባጃጅ አይደለም። የባጃጅ ሥራ ከከተማዋ ተነሥቶ በግማሽ ቀን ደርሶ መልስ የሚሆነው ነው።

ገንዘቡ የት ይቀራል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። የሚከተለው ስሌት ነገሩን ለማስረዳት ብቻ የቀረበ ምሳሌ ነው። ሁለት ጎብኚዎች ለግማሽ ቀን ጉብኝት 3,000 ብር ከፈሉ እንበል። ጉዞው በከተማው ሰዎች ብቻ የተዘጋጀ ከሆነ፣ 1,800 ብር ለባጃጁ፣ 1,200 ብር ለአስጎብኚው ይሆናል። ጎብኚዎቹ የሚያልፉበት መንገድ የገበሬው፣ የሚያዩት ማሳ የገበሬው፣ ቅርሱን ለዘመናት ጠብቆ ያቆየው ምእመን ራሱ ገበሬው ሆኖ ሳለ፣ የገጠሩ ድርሻ ባዶ ነው።

ይኸው ጉዞ በገበሬዎቹና በባጃጅ ባለቤቶች ስምምነት ቢዘጋጅስ? ለባጃጁ 1,300 ብር፣ ለአስጎብኚው 700 ብር፣ በገበሬ ቤት ለሚቀርበው ቡናና ምሳ 600 ብር፣ ለመንገድ ጥገናና ለጋራ ሣጥን 400 ብር ይደለደላል። በዓመት መቶ እንዲህ ያለ ጉዞ ቢኖር፣ ወደ ጋራ ሣጥኑ 40,000 ብር፣ ወደ ገበሬ ቤቶች 60,000 ብር ይገባል። ሃያ አባወራዎችና እማወራዎች በተራ እንግዳ ቢቀበሉ ለእያንዳንዱ ቤት በዓመት አምስት ጊዜ ይደርሰዋል፤ ገቢውም 3,000 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ የጤፉ፣ የቡናውና የማገዶው ወጪ ይቀነሳል።

ይህ ገንዘብ ማንንም ሀብታም አያደርግም። ይህን በግልጽ መናገር ይገባል። ሆኖም ዝናብ በቀረበት ዓመት ለደብተር፣ ለዘር ወይም ለሕክምና የሚሆን ጥሬ ብር በእጅ መኖሩ አንዲት ፍየል ከመሸጥ ያድናል። የዋግ ገበሬ ደግሞ የዝናብን ጠባይ ያውቀዋል። በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ድርቅና ረሃብ ክፉኛ ከጎዳቸው አካባቢዎች አንዱ ዋግ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምትም በሰሃላ፣ በዝቋላና በአበርገሌ ዝናብ ጠፍቶ ሰብልና ከብት አልቋል። የሕፃናትን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ገደማ ለማስቀረት መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ያወጣው ቃል ኪዳን «የሰቆጣ ስምምነት» ተብሎ በዚህች ከተማ ስም መጠራቱ ችግሩ የት እንደሚጠና ያመለክታል። ስለዚህ ከእርሻ ጎን ሁለተኛ የገቢ ምንጭ መፈለግ ለዋግ ገበሬ የግድ ነው።

የመቄት ገበሬዎች ያሳዩት መንገድ

ይህ ዓይነቱ አሠራር የማይሞከር አይደለም። በጎረቤት በሰሜን ወሎ፣ በመቄት ወረዳ የሚገኙ ገበሬዎች በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ «ተስፋ» በተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ ታቅፈው ይህንኑ ጀምረዋል። እንደ መቋት ማርያምና ዋጀላ ባሉ የገደል አፋፍ መንደሮች ጎጆዎች ተሠሩ፤ የአካባቢው ሰዎች እንግዳ ተቀበሉ፤ ምግብ አበሰሉ፤ ጓዙን በአህያ ጫኑ፤ መንገድ መሩ። ጎብኚው ከመንደር ወደ መንደር በእግሩ ሲጓዝ፣ ያደረበት መንደር ሁሉ ድርሻውን አገኘ። ሥራውን የሚቆጣጠረውም ከነዋሪው መካከል የተመረጠ ኮሚቴ ነበር።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ቀላል ነው። ገበሬዎቹ የሰጡት ያላቸውን ነው፤ እንጀራቸውን፣ ጠላቸውን፣ አህያቸውንና ዕውቀታቸውን። ያልነበራቸውን ሆቴል አልሠሩም። በሰቆጣ ዙሪያም ከአህያው ቦታ ባጃጁን ማስገባት ይቻላል፤ ተራው፣ ኮሚቴውና የጋራ ሣጥኑ ግን ያው ይሆናሉ።

የባጃጅን ጠባይ ማወቅ

ባጃጅ ከህንድ አገር የመጣ፣ ፊት አንድ ኋላ ሁለት ጎማ ያለው ተሽከርካሪ ነው። ከአሽከርካሪው ሌላ ሦስት ሰው እንዲጭን ተሠርቷል። አስጎብኚው አንዱን ቦታ ስለሚይዝ ለጎብኚ የሚቀረው የሁለት ሰው ቦታ ነው። አራትና አምስት ሰው ጠቅጥቆ በዋግ ዳገት ላይ መውጣት ሞተሩን ያቃጥላል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬን አይዝም። ፊቱ አንድ ጎማ ብቻ ስላለው ጠመዝማዛ ላይ በፍጥነት ሲታጠፍ በቀላሉ ይገለበጣል። ስለዚህ በቁልቁለት በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ፣ ከመታጠፍ በፊት ፍጥነት መቀነስ፣ ዝናብ በዘነበበት ቀን ደግሞ ጭቃማውን መንገድ መተው የግድ ነው። መንጃ ፈቃድና የመድን ዋስትና የሌለው ባጃጅ ጎብኚ ይዞ ወደ ቀበሌው እንዳይገባ መሪዎቹ ሊስማሙ ይገባል።

ነዳጅም መታሰብ አለበት። ወደ ዋግ ቤንዚን የሚመጣው ከሩቅ ነው፤ ሲጠፋ ዋጋው ይንራል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በባትሪ ስለሚሠሩ ተሽከርካሪዎች መነጋገር በርክቷል። ይሁን እንጂ ባትሪ ያለ አስተማማኝ መብራት አይሞላም። አዲስ ተሽከርካሪ ለመግዛት ከመበደር በፊት፣ በከተማው ያሉትን ባጃጆች በተራ ማሠማራት ይቀድማል።

መሬቱን የሚበላው የጎማ ዱካ

የገበሬ ማኅበር መሪ በተለይ ሊጠነቀቅበት የሚገባው ሌላ ነገር አለ። አሽከርካሪ አቋራጭ ይወዳል። በተዳፋት ላይ ሁለትና ሦስት ጊዜ የተመላለሰበት ዱካ ሣሩን ያነሣዋል፤ አፈሩ ይጠቀጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ውሃው በዚያ ዱካ ተሰብስቦ ይወርዳል። በመጀመሪያው ዓመት ጣት የማይደብቀው ቦይ በሦስተኛው ዓመት በሬ የማይሻገረው ቦረቦር ይሆናል። በስንት ጉልበት የተሠራ እርከን በአንድ ክረምት ይናዳል።

መፍትሔው አንድ መንገድ ብቻ መርጦ፣ ሌላውን በድንጋይ መዝጋት ነው። በተመረጠው መንገድ ዳር የውሃ ማውረጃ ቦይ መቆፈር፣ ቁልቁለቱ በሚበረታበት ላይ ድንጋይ ማንጠፍ፣ ውሃውንም ወደ ማሳ ሳይሆን ወደ ሣራማ ቦታ ማስወጣት ይገባል። ከጋራ ሣጥኑ ለመንገድ የሚመደበው ገንዘብ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ሰብል በማሳ ላይ ባለበት ወራት ጎብኚ ከመንገድ ወጥቶ ፎቶግራፍ ለማንሣት ማሳ እንዳይረግጥም አስጎብኚው ኃላፊነት አለበት።

ቅርሱና ሥርዓቱ

ውቅር ቤተ ክርስቲያን ሐውልት ብቻ አይደለም፤ የሚቀደስበት ቤት ነው። ስለዚህ ጉብኝቱ ከካህናቱ ጋር ሳይመከር ሊጀመር አይችልም። የቅዳሴ ሰዓት፣ የጾምና የንግሥ ቀን ይታወቃል። ጫማ ይወልቃል፤ አለባበስ ይታያል። የዋግሹሞቹን አስከሬን ማየትና ፎቶግራፍ ማንሣት በካህናቱ ፈቃድ ብቻ የሚሆን ነው፤ የሰው አስከሬን መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። የቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ ክፍያ የቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ ከጉዞው ሒሳብ ጋር መደባለቅ የለበትም።

ባጃጁም ከአለቱ ራቅ ብሎ መቆም አለበት። የሞተር ጭስና ንዝረት ለተፈለፈለ ድንጋይ አይበጅም። ከማቆሚያው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው የእግር መንገድ ማር፣ ስፌትና ሸክላ የሚሸጡ እናቶች የሚቀመጡበት ቢሆን ሁለት ጥቅም ይሰጣል። ጥንታዊ ቅርስን ማበላሸትና ከቦታው ማንሣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ስለሆነ፣ የብራና መጽሐፍ ወይም መስቀል እንግዛ የሚል ጎብኚ ሲመጣ ለሕግ ማሳወቅ የሁሉም ግዴታ ነው።

ሕፃናትን በተመለከተ አንድ ውሳኔ ያስፈልጋል። ባጃጅ በታየ ቁጥር ከትምህርት ቤት እየወጣ «ብር ስጡኝ» የሚል ልጅ ከፊደል ይለያል። ጎብኚው ለመርዳት ቢፈልግ ለትምህርት ቤቱ በደረሰኝ እንዲሰጥ ማስረዳት የአስጎብኚው ሥራ ነው።

እንግዳ በማይመጣበት ዓመትስ?

ጎብኚ እንደ ወፍ ነው፤ ድምፅ ሲሰማ ይበራል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ወደ አገራችን ሲገባ የላሊበላ ሆቴሎች ባዶ ሆኑ። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ዋግና ወደ ላስታ ተዛመተ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ሲፈረም ተስፋ ቢታይም፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ጉዞን መልሶ አወከ። አስጎብኚነትን ብቻ ተማምነው የኖሩ ብዙ የላሊበላ ወጣቶች የደረሰባቸውን ችግር የዋግ ገበሬ ሊማርበት ይገባል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ይመከራሉ። አንደኛ፣ ማንም ሞፈርና ቀንበሩን ጥሎ ወደ ጉብኝት ሥራ እንዳይገባ፤ ተራው የተሠራው ሥራውን ከእርሻ ጎን ለማስኬድ ነው። ሁለተኛ፣ ለእንግዳ ተብሎ ብቻ የሚሠራ ነገር እንዳይኖር፤ የተጠገነው መንገድ እህል ወደ ገበያ፣ ወላድ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ ይሁን። ሦስተኛ፣ ተስፋው በውጭ አገር ጎብኚ ላይ ብቻ እንዳይጣል። በበዓል ቀን የሚመጣው ምእመን፣ ከአዲስ አበባ የአያቱን አገር ሊያይ የሚመጣው የዋግ ተወላጅ፣ ከየከተማው የሚመጣው ተማሪ እንግዳ ናቸው። በእግራቸው መሄድ የማይችሉ ሽማግሌዎችን በመጠነኛ ዋጋ ለንግሥ የሚያደርስ ባጃጅ ዓመቱን ሙሉ ሥራ አያጣም። ሰላም በሌለበት ቀንና መንገድ ግን ማንንም ጠርቶ ለአደጋ ማጋለጥ አይገባም።

በስብሰባው ምን ይወሰን?

ጉዳዩ በስብሰባ ሲቀርብ መልስ የሚያስፈልጋቸው ጥያቄዎች የሚከተሉት ናቸው። ባጃጁ በየትኛው መንገድ ይሂድ፤ የት ይቁም? እንግዳ የሚቀበሉት ቤቶች ስንት ናቸው፤ ተራውስ በማን ይያዝ? እማወራዎች ከተራው እንዳይዘለሉ ምን ይደረግ? ከቀበሌው ልጆች መካከል ሠልጥኖ፣ ከክልሉ የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ፈቃድ አውጥቶ አስጎብኚ የሚሆን ማን ነው? ዋጋው ስንት ይሁን፤ በምን ሰሌዳ ላይ ይጻፍ? ገንዘቡን የሚቀበል፣ የሚመዘግብና የሚቆጣጠር ሦስት የተለያየ ሰው ይመረጥ ወይ?

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። ብዙ የጋራ ሥራ የፈረሰው በድርቅ ሳይሆን በሒሳብ ነው። ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ብር ጎረቤትን ከጎረቤት ያጣላል። በየሦስት ወሩ ሒሳቡ በሕዝብ ፊት፣ በአማርኛም በኽምጣናም ጮክ ተብሎ ቢነበብ፣ ማንበብ የማይችለውም አባል ገንዘቡ የት እንደዋለ ያውቃል። ከባጃጅ ባለቤቶች ጋር የሚደረገውም ስምምነት በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ በወረዳው የኅብረት ሥራና የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች ፊት ቢሆን ይመረጣል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል የአገራችን ሰው። መንገዱን አንዱ፣ ቡናውን ሌላዋ፣ ታሪኩን ወጣቱ፣ ሒሳቡን የተመረጠው ቢይዘው፣ ለአንድ ቀበሌ ከባድ የሚመስለው ሥራ ይቀላል። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ከመድረቁና እንግዳ ከመምጣቱ በፊት መሪዎች ነገሩን ለሕዝቡ አቅርበው ቢመክሩበት፣ ባጃጁ ሲደርስ የሚጠብቀው አቧራ ብቻ አይሆንም፤ ተራ የያዘ ቤት፣ የተጠገነ መንገድና የተከፈተ የሒሳብ መዝገብ ይሆናል።